መጽሐፉን ተዉት፤ በሕይወታችን የተጫወቱትን ያዙ!

“ሕይወት ጨዋታ ናት የሚል ፈረንጅ ተነሣ” ቢባል እኛ አገር ምን ዓይነት መልስ እንደሚጠብቀው መገመት አይከብድም። አንዱ ያማትባል። ሁለተኛው ቡጢውን ጨብጦ “ሕይወት ትግል ናት!” ይላል። ሦስተኛው፣ ዕድሜው ከሃያ አምስት ያልዘለለው፣ “ታዲያ ምን ያከራክራል? አስይዞ መጫወት ነዋ!” ብሎ ስልኩን ያወጣል። አራተኛው ግን ዝም ይላል። ቆይቶ ቆይቶ “በማን ሕይወት ነው የሚጫወቱት?” ብሎ ይጠይቃል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ሦስቱን ሞግቼ ከአራተኛው ሰው ጎን ለመቆም ነው። መጽሐፉን ከማይገባው ስድብ አድነን ስድቡን ለሚገባው እናድርስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮሃን ሁይዚንጋ የሚባል የሆላንድ የታሪክ ሊቅ በ1938 (እ.ኤ.አ.) “ሆሞ ሉደንስ” የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ ላቲን ነው፤ “ተጫዋቹ ሰው” ብንለው ያስኬዳል። ሊቃውንት ሰውን “አዋቂው” ብለውታል፣ “ሠሪው” ብለውታል፤ እሱ ደግሞ “ተጫዋቹ” የሚለውም ስም ይጨመርለት አለ። ይህ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋሮቢት በማውቃቸው ሰዎች መሀል ሲያከራክር ሰንብቷል። ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ አላነበቡትም። ርእሱን ሰምተው ነው የፈረዱበት። ሳያዩ ማመን የጻድቃን ነው፤ ሳያነቡ መፍረድ ግን የእኛ የከተሜዎች በሽታ ሆኗል።

ለመሆኑ ሰውዬው ምን አለ? ጨዋታ ሰው ሥራውን ጨርሶ፣ ጠግቦ፣ ጊዜ ሲተርፈው የሚነካካው ማጣፈጫ አይደለም አለ። ሕጉም፣ ግጥሙም፣ ሙግቱም፣ ሥርዓተ አምልኮውም፣ የጥንቱ የጦር ሜዳ ሳይቀር በጨዋታ ውስጥ በቅለው ያደጉ ናቸው አለ። ይህንኑ በዙሪክ፣ በቪየናና በለንደን ሲያስተምር ጋባዦቹ የንግግሩን ርእስ ሊያርሙለት ፈልገው ነበር። በባህል ውስጥ ስላለ ጨዋታ እንበለው አሉት። እሱ ግን ጨዋታው የባህሉ የራሱ ጠባይ እንጂ ባህል ውስጥ የገባ እንግዳ አይደለም ብሎ እምቢ አለ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ አድማጮቹም እንደኛው ርእሱ ላይ ነበር የተደናቀፉት ማለት ነው!

ጨዋታ የሚለው ደግሞ የትኛውንም ዳንኪራ አይደለም። መጀመሪያ ነገር፣ ሰው በፈቃዱ የሚገባበት መሆን አለበት፤ የተገደደ ሰው ይነዳል እንጂ አይጫወትም። ሁለተኛ፣ የታወቀ ሜዳና የታወቀ ሰዓት አለው። ሦስተኛ፣ ሁሉንም እኩል የሚያስር ሕግ አለው። አራተኛ፣ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ አይታወቅም። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጨዋታ ፈረሰ።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ ለዚህ ነገር ከፈረንጅ ቋንቋ የበለጠ የተመቸ ነው። “ምን ጨዋታ አለ?” ስንል ኳስ አምጡ ማለታችን አይደለም። እንግዳ ቶሎ ሲነሣ “ኧረ ሳንጫወት!” ብለን የምንይዘው ካርታ ልንሰጠው አይደለም። ሰው ከሰው ጋር እኩል ተቀምጦ፣ እየተቀባበለ፣ እየሰማና እየተሰማ የሚያወራው ወግ በአማርኛ ጨዋታ ነው። ሆኖም ያው ቋንቋ አንዲት ፊደል ለውጦ ሌላ ዓለም ይፈጥራል። “ከእኔ ጋር ተጫወተ” እና “በእኔ ተጫወተ”! የመጀመሪያው ወዳጅነት ነው፤ ሁለተኛው ግፍ ነው። በመጀመሪያው ተጫዋች ነኝ፤ በሁለተኛው መጫወቻ። እኔ የምለው ይኸው ነው፦ ሕይወት ጨዋታ ናት መባሉ አይደለም የሚያስከፋው፤ መጫወቻ መሆን ነው የሚያስከፋው።

ይህን ይዘን ሦስቱን መልሶች እንያቸው።

አንደኛው የአባቶች መልስ ነው። “ይህ ዓለም የፈተና ስፍራ ነው፤ ምን ጨዋታ አመጣብን?” ይላሉ። አባቶቼ፣ ይፍቱኝና ልጠይቅ። ገና በመጣ ቁጥር ሜዳ ላይ ሩር ሲለጋ የኖረው የማን ልጅ ነው? በዚያ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ዱላ ይዘው ሲገቡ፣ ሎሌው ጌታውን በስድብ ሲሸረድድ፣ ጌታው መቆጣት ነውር የሚሆንበት ሥርዓት ከየት መጣ? ከቤተ ክርስቲያን በዓል ጋር አብሮ የኖረ አይደለም እንዴ? ማኅሌቱስ? መቋሚያው ሲነሣና ሲወድቅ፣ ጽናጽሉ ሲመታ፣ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እየተቀባበሉ ሲወረብ፣ ይህ በተወሰነ ስፍራ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በማይጣስ ሥርዓት የሚፈጸም አይደለም? ቅኔውስ ሰሙን ከወርቁ አጣምሮ አድማጩን “እስቲ ፈልገኝ” የሚል አይደለም? ዳዊት በታቦቱ ፊት የዘለለ ጊዜ የናቀችው ሜልኮል እንጂ እግዚአብሔር አልነበረም። ሁይዚንጋም ከጨዋታ ሁሉ የከበረው የተቀደሰው ነው ይላል። እናም አባቶቼ፣ ሰውዬው ቅድስናውን ወደ ቧልት አላወረደውም። ጨዋታን ወደ ቅድስናው ከፍ አደረገ እንጂ።

ሁለተኛው መልስ የጋሼዎቹ ነው። የዚያ ትውልድ ሰዎች። “ሕይወት ትግል ናት፤ ጨዋታ የሚለው የጠገበ ቡርዣ ነው” ይሉኛል። ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ለሰው ሲሉ የከፈሉትንም አውቃለሁ። ግን እስቲ እንጫወት። ጨዋታም እኮ ግጥሚያ ነው፤ ላብ አለው፣ ሽንፈት አለው፣ እንባ አለው። ከእናንተ ትግል የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጨዋታ ውስጥ ያለው ተጋጣሚ ይባላል እንጂ ጠላት አይባልም። ተጋጣሚ ከሞተ ጨዋታው ያልቃል፤ ስለዚህ ተጫዋች ተጋጣሚው እንዲኖር ይፈልጋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነጭ ሽብርና በቀይ ሽብር ስም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የወደቀው ወጣት ምን ሆኖ ወደቀ? አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ፣ አንድ ዓይነት መዝሙር የዘመሩ ልጆች ተጋጣሚ መሆን አቅቷቸው ጠላት ተባባሉ። ጎበዝ፣ ከዚያ ወዲህ ይህች አገር ተጋጣሚ የሚለውን ቃል ከስፖርት ገጽ ውጪ አላየችውም!

እኛ ግን ይህን ነገር ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። አያቶቻችን ያውቁት ነበር። በላ ልበልሃን አስታውሱ! ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ሥር ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረዱ በቃል ይጋጠሙ ነበር። መንገደኛው ሳይቀር “ዳኝነት ተቀመጥልን” ተብሎ ሲለመን ጉዞውን አቁሞ ይሰማ ነበር። ሕዝቡም በንግግሩ ውበት ይደነቃል፣ የተረታውም ተረትቶ ይሄዳል። ሁይዚንጋ ስለ ሕግና ስለ ጨዋታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል፤ እኛ ደግሞ ያንን ምዕራፍ ዋርካ ሥር ስንኖረው ነበር። ልብ በሉ፣ በአማርኛ የፍርድ ቤቱም “ዳኛ” ነው፣ ፊሽካ የሚነፋውም “ዳኛ” ነው። ቋንቋው አልተሳሳተም። ሁለቱም የሚቆሙት ማንም ይሁን ማን በሕጉ እኩል እንዲታሰር ነው።

ሰንጠረዣችንንም ያየ ይፍረድ። የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ አጀማመሩ ከዓለም የተለየ ነው። “ወረራ” በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንዴ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ልክ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ነው። ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ጉዳት ሲደርስ ሕግ ይጀምራል ማለት ነው! በእኛ ፖለቲካ ግን የመጀመሪያው ደም ሲፈስ ነው ሕግ የሚያበቃው። ማሸነፍ ብቻም አልነበረም ቁም ነገሩ፤ በምን ጠጠር አሸነፍክ ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ባልተዋበ መንገድ ያሸነፈ አይመሰገንም። ዛሬ “በምን አሸነፍክ?” ብሎ የሚጠይቅ የት አለ?

ሦስተኛው መልስ የወጣቱ ነው፤ ስልኩን ያወጣው የታናሽ ወንድሜ። “ጨዋታ ከሆነማ አስይዤ ልጫወት” ይላል። ስማኝ ወንድሜ። ከሁይዚንጋ በኋላ ሮዤ ካዩዋ የሚባል ፈረንሳዊ በ1958 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉን ሲተች፣ ቁማርን ረስተሃል ብሎ በአንተ በኩል ቆሞ ነበር። ውድድር አንድ ነገር ነው፣ ዕጣ ሌላ ነገር ነው ብሎ ለያቸው። በውድድር የምትተማመነው በጉልበትህና በጥበብህ ነው፤ በዕጣ የምትተማመነው ከአንተ ውጪ በሆነ ነገር ነው። አንተ ማንቸስተርና አርሴናል ላይ ስታስይዝ ሜዳ ውስጥ የለህም። ሃያ ሁለቱ ይጫወታሉ፤ ቤቱ አስቀድሞ ሒሳቡን ሠርቶ ቁጭ ብሏል፤ አንተ የቤቱ መጫወቻ ነህ። ግን ለምን እዚያ ቤት እንደገባህ አውቃለሁ፤ አልፈርድብህም። ተምረህ፣ ተመርቀህ፣ በሥራና በችሎታ የሚያሸንፍበት ሜዳ የተዘጋበት ወጣት ዕጣ ላይ ቢወድቅ ምን ይገርማል? ውድድሩን የሰረቀህ ሰው ነው ዕጣውን የሸጠልህ።

አሁን ወደ አራተኛው ሰው እንምጣ። ይህ ሰው የይፋት ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጉም ነው፣ ብርድ ነው፣ ጋቢ ነው። በዋሻው ሾልኮ፣ በጠመዝማዛው ወደ ደብረ ሲና ወርዶ፣ አርማንያን አልፎ ሸዋሮቢት ሲገባ ካፖርቱን አውልቆ፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ሽንኩርቱና ማሾው በሚበቅልበት ሙቀት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ደገኛውና ቆለኛው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው የሚገበያዩበት አገር ነው። ያ ዋሻ ራሱ የተቆፈረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳያውጅ ገብቶ፣ በጄኔቫ ፈርሞ የከለከለውን የመርዝ ጋዝ በእኛ ላይ አዝንቦ፣ ከዚያ መንገድ ሠራሁ አለ። ሁይዚንጋም በመጽሐፉ መጨረሻ፣ አንድ መንግሥት የገባውን ቃል አያስረኝም ያለ ቀን ሥልጣኔ ወደ አረመኔነት ይወርዳል ብሎ አስጠንቅቋል። እሱ ይህን ሲያሳትም በጣርማ በር በኩል የሚያልፈው የፋሽስት ካሚዮን ነበር!

የይፋት ሰው “በማን ሕይወት ነው የሚጫወቱት?” የሚለው እንዲያው ለወግ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አጣዬ ታመሰች፤ በሚያዝያ ነደደች፤ ሸዋሮቢትም ጥቃት ደረሰባት። ቤቱ ተቃጥሎ የወጣው ሰው ገና ቆርቆሮ ሳይመታ፣ በኅዳር 2014 የሕወሓት ኃይሎች ሸዋሮቢትን ይዘው እስከ ደብረ ሲና ዘለቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሰሜን ተመለሱ። ከዚያስ? በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አራት ወር ተጨምሮበት አሥር ወር ዘለቀ፤ የይፋት ሰው ደግሞ ሌላ ጦርነት፣ ሌላ ኬላ፣ ሌላ ሰልፍ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሽንኩርት ገበሬውን “ትገባለህ ወይ?” ብሎ የጠየቀው ማን ነው? ማንም! ሜዳው የእሱ እርሻ ነው፤ ሰዓቱን የወሰነው ሌላ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው ሌላ ነው፤ ውጤቱን የሚያውጀውም ሌላ ነው። ይህ በየትኛውም ቋንቋ ጨዋታ አይባልም። በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ሸዋሮቢት የሚለው ስም ራሱ ለብዙ የከተማ ሰው ሽንኩርት አያስታውሰውም፤ እስር ቤት ነው የሚያስታውሰው። ከነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ ቃጠሎ በኋላ ወደዚያ ተወስደው የነበሩ እስረኞች ፍርድ ቤት ቀርበው ድብደባና ስቃይ እንደተፈጸመባቸው ተናግረዋል። ዳኛ ፊት ቆሞ ሰውነቱን የሚያሳይ እስረኛ ከአንድ የበላ ልበልሃ ተሟጋች ምን ያህል እንደራቀ አስቡት። ያኛው በቃሉ ይወራረድ ነበር፤ ይኼኛው ጠባሳውን አቀረበ።

እንግዲህ መጽሐፉ ለእኛ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁይዚንጋ ሁለት ዓይነት ክፉ ተጫዋች አለ ይላል። አንዱ አጭበርባሪ ነው፤ ሕጉን ይጥሳል፣ ግን ሕጉን ያከበረ መስሎ ይታያል። ሌላው ጨዋታ አፍራሽ ነው፤ ሕግ የሚባል ነገር የለም ብሎ ሜዳውን ይበትናል። ሠፈር ውስጥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁለት ለዜሮ ሲመራ “ኳሷ የኔ ናት” ብሎ ኳሱን ታቅፎ ወደ ቤቱ የሚገባው ልጅ! ልጆች አጭበርባሪውን ተሳድበው ያልፉታል፤ ኳስ ይዞ የገባውን ግን አይረሱትም።

የእኛን ምርጫዎች በዚህ መነጽር እዩዋቸው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ፤ አያቶች በምርኩዝ መጡ። ለአንድ ቀን ተጫዋች ሆንን! ከዚያ ኳሱ ተነሣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 የፈሰሰውን ደም ያጣሩት ሰዎች የተገደሉት ሲቪሎች 193 ናቸው አሉ፤ የአጣሪ ኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትላቸው አገር ጥለው ተሰደዱ። በ2002 ከ547ቱ ወንበር 545ቱ የገዢው ፓርቲና የአጋሮቹ ሆነ። ሁለቷ ወንበር ታስከፋ ነበር መሰል በ2007 እሷም ተጠቃለለች፤ 500 ለኢሕአዴግ፣ 47 ለአጋሮቹ፤ መቶ በመቶ! ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል? በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ደግሞ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን ብልጽግና ወሰደ፤ ይህ ሲሆን አጣዬ ላይ ዐመዱ ገና አልበረደም ነበር። ተቃዋሚውም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አይበል። ሲሸነፍ ሜዳውን ጥሎ የሚወጣ፣ ሲያሸንፍ እርስ በርሱ የሚባላ፣ ጫካ ገብቶ የገበሬውን ልጅ የሚያስፈጅ ሁሉ ኳስ ታቃፊ ነው።

“ታዲያ ጨዋታ ምን ያመጣል? ቅዠት ነው!” የሚል አይጠፋም። ለእሱ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጥራለት፤ ይድነቃቸው ተሰማ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 (እ.ኤ.አ.) ካርቱም ላይ ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ሁሉም ነጭ፣ ወይ ሁሉም ጥቁር የሆነ ቡድን እልካለሁ እንጂ ቀላቅዬ አልልክም አለች። ከውድድሩ ወጣች። ትልልቆቹ መንግሥታት ከአፓርታይድ ጋር እየነገዱ በነበሩበት ዘመን አንድ የኳስ ሕግ አይሆንም አለ! ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ይድነቃቸው፣ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ሆኖ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አቋሙ ንቅንቅ አላለም። ሕግ የሚያከብር ጨዋታ ሕግ የማያከብርን መንግሥት ሊያሳፍር ይችላል ማለት ይኸው ነው።

ሁይዚንጋም ቢሆን ወንበር ላይ ተደላድሎ የሚፈላሰፍ ቧልተኛ አልነበረም። በ1933 (እ.ኤ.አ.) የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሳለ አይሁድን የሚሰድብ ጽሑፍ ያወጣን የናዚ እንግዳ ከግቢው አስወጥቷል። ናዚዎች አገሩን ሲይዙ በ1942 አስረውታል፤ ሲለቁትም ወደ ላይደን እንዳይመለስ ከልክለውታል። ነፃነቱን ሳያይ በየካቲት 1945 (እ.ኤ.አ.) ሞተ። ሕይወት ጨዋታ ናት ያለው ሰው በሕይወት አልቀለደም። “ሕይወት ትግል ናት፤ ሕግ አያስረንም” ያሉት ናቸው ዓለምን ያነደዷት።

ስለዚህ አባቶቼ አታማትቡ፤ ጋሼ አይቆጡ፤ አንተም ወንድሜ ስልክህን መልሰው። ሁላችንም ወደ አራተኛው ሰው ዞረን ጥያቄውን አብረን እንጠይቅ። የይፋት ገበሬ የሚፈልገው ምሕረትም ምጽዋትም አይደለም። ሕጉን የሚያውቅበት፣ ዳኛው የማይገዛበት፣ ሲያሸንፍ የማይገደልበት፣ ሲሸነፍ ቤቱ የማይቃጠልበት ሜዳ ነው የሚፈልገው። ይህን ስጡትና ሕይወት ጨዋታ ናት ቢሉት ስቆ “ተቀመጥና እንጫወት” ይላል፤ ቡናም ያፈላል። ይህን ሳትሰጡት ስለ ትግል፣ ስለ ልማት፣ ስለ አንድነት፣ ስለ ነፃ አውጪነት ብትሰብኩት ግን መልሱ ያው ነው፤ “በሕይወቴ አትጫወቱ!”

ቸር ይግጠመን።